ሚሊሊትር

ሥራዬ የከተማ ውኃ ቆጣሪ ማንበብ ነው።
በዊኒፔግ፣ ከምድር ቤት ምድር ቤት፣ ከአጥር ወደ አጥር፣
በሰው ቧንቧ ስንት ሊትር እንደ ፈሰሰ ስቆጥር
አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ።
የማን ቧንቧ ጤነኛ እንደሆነ፣ የማን በስውር እንደሚያፈስ
ከቁጥሩ ነው የማውቀው፣ ባለቤቱ በር ላይ ሳይደርስ።

አሁን ግን የምቆጥረው
የልጄን ሽንት ነው።

አምስተኛ ፎቅ፤ መስኮቱ በውርጭ የታወረ፣
ከአልጋዋ ጎን የተንጠለጠለ ከረጢት፣ በመስመር የተመተረ፤
ነርሷ ሳትመጣ ጎንበስ ብዬ አነባለሁ፦
ሠላሳ።
ሌሊቱን ሙሉ ሠላሳ፤
የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ ቢገባ ከወገቡ የማያልፍ።
ውጭም ሠላሳ ነው፣ ከዜሮ በታች።
ቀለሙም ሽንት አይደለ፤ ተዘግቶ የከረመ ቤት
ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ የሚተፋው ዓይነት፣
ዝገት።

በጥርስ ነው የገባው አሉ።
በጥቅምት አንድ መንጋጋዋ ተቦርቡሮ፣ ድዷ አብጦ ነበር፤
«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» ብዬ ያለፍኩት ነገር።
ከዚያ ትኩሳት፤ ማታ መጥቶ ጠዋት የሚሄድ፣
እንደ ሌሊት ሠራተኛ ሰዓቱን ጠብቆ የሚነጉድ።
«ጉንፋን ነው» አልን፤ ትምህርት ቤቱም አለ፣ የሰፈሩ ሐኪምም አለ፤
ሦስት ሳምንት ሙሉ ጉንፋን ተባለ።

ስትወለድ ልቧ ላይ ቀዳዳ ነበረች፣ የመርፌ ዓይን የምታህል፤
«ትዘጋለች፣ አትስጉ» ተባልን፤ ረሳናት መሰል።
ለካ ከድዷ የተነሣ ባክቴሪያ በደሟ ተሳፍሮ፣
በዚያች ቀዳዳ ጠርዝ ጎጆ ቀልሶ፣ ተዋልዶ፣ አጥሮ፤

ዶክተር ፍሪዘን በወረቀት ጀርባ ሣለችልኝ።
«ይህ ልብ፤ ይህ ኩላሊት። ውጊያው እላይ ነው» አለችኝ፤
«ፍርስራሹ ግን በደም ወርዶ ወንፊቱን ደፈነው።
ኩላሊቷን ያቆሰለው
ጠላት ብቻ አይደለም፤ የገዛ ዘበኛዋም ነው።»

የልብ ሐኪሞች በጠዋት ይመጣሉ፣ የኩላሊቶቹ ከሰዓት፤
የልቦቹ «መድኃኒቱ ይቆይ» ይላሉ፣ ያ ተባይ ዳግም እንዳይነሣባት፤
የኩላሊቶቹ «ይቀነስ» ይላሉ፣ እሱም ራሱ ነው የሚጎዳት።
«ልብ ኩላሊት መርማሪ» ትል ነበር እናቴ ስትጸልይ፤
አንድ ነበር የለመነችው፣ ሁለቱን በአንድ ዓይን የሚያይ።
እዚህ ሁለት ቡድን ናቸው፤
ኮሪደር ላይ በሹክሹክታ ይከራከራሉ፣
«ክሪያቲኒን» ይላሉ፣ ደግመው «ክሪያቲኒን» ይላሉ፣
እኔ በሩ ሥር እንደ ሌባ።

ናርዶስ ጠዋት ዓይኗ አብጦ፣ በስልኬ መስታወት ራሷን አይታ፣
«አባ፣ ፊቴ ለምን ወፈረ?»
«ብዙ ተኝተሽ ነው» እላታለሁ።
ስምንት ዓመቷ ነው፤ ውሸቴን ታውቃለች፤ ዝም የምትለው በይሉኝታ።

ውኃ ተከልክላለች። ውኃ!
የከተማው ውኃ ሁሉ በእጄ መዝገብ ሠፍሮ፣
ለልጄ የምሰጣት በረዶ ነው፣ በማንኪያ ተቆጥሮ።
በቀን አምስት ቁራጭ።
እየመጠጠች ወንዙን ታያለች፣ በቁሙ የረጋውን፣
በላዩ የሚንሸራተቱትን ልጆች። አታወራም።

ብርቅነሽ ከዳቦ ፋብሪካ ትመጣለች፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት፤
እግሯን ታሽላታለች፤ ያበጠውን በአውራ ጣቷ ጫን ስትል
ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም።
ስለ ጥርሱ አንድ ቀን አላነሣችብኝም።
ብታነሣ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣
ጎንበስ አልኩ።
መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ ጎንበስ አልኩ።
ለብርቅነሽ ደወልኩ፤ ከማሽኖቹ ጩኸት መሐል
«ምን ሆነች?» ስትል
«መቶ አሥር» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም።
ቀለሙ ገና ዝገት ነው። ልቧም ገና ነው፤
ይቅደዱት አይቅደዱት፣ ማክሰኞ ነው የሚነግሩን።

ድምፄ ቀሰቀሳት።
«ስንት ሆነ?» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ።
ነገርኳት።
ትንሽ አሰበች።
«እንግዲያ ስድስተኛ በረዶ አለኝ» አለች፣
አፏንም ከፈተች።